ግንባር ላይ የተጻፈ ሰዓት

ሰርካዲስ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ካለ አንድ ሆስፒታል በር ላይ፣ ከዘበኞቹ ቤት አጠገብ፣ ከአንዲት የፕላስቲክ ወንበር ጋር አራት ወር ኖራለች። ቅጿ በጉልበቷ ላይ፣ እስክሪብቶዋ በእጇ። ሥራዋን የማያውቁት ቀረጥ ሰብሳቢ ትመስላቸዋለች፤ እናውቃለን የሚሉት ደግሞ "ሞት ቆጣሪዋ" ይሏታል። እሷ የምትቆጥረው ግን ሞትን ሳይሆን ሰዓትን ነበር። ሰውየው በስንት ሰዓት ተጎዳ? መኪና በስንት ሰዓት ተገኘለት? በሩ ላይ በስንት ሰዓት ደረሰ? በመካከሉስ ማን ምን አደረገለት? የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ይኸው ነው። እናቷ ሳይቀሩ፣ "ልጄ፣ ሰው ከደረሰ በኋላ የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንብሽም?" ብለዋታል።

አይሆንባትም። እዚሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርታለች። በሐኪም እጅ ከሞተባት ይልቅ መንገድ ላይ ደሙን ጨርሶ የመጣባት ይበዛል። አንድ ሰው ቁስሉን ጥብቅ አድርጎ ቢይዝለት የሚተርፍ ሰው፣ ሃያ ሰው ከቦት "ወይኔ! ወይኔ!" ሲልበት ያልቃል። ይህ ነገር አንጀቷን ሲያቃጥላት ኖሮ ነው ትምህርት ቤት የተመለሰችው።

ስለዚህ ከሸዋ ቤንች መንገድ ዳርና ዳር ሠላሳ ሁለት በጎ ፈቃደኞች መለመለች። ቡና ገበሬ አለበት፣ የባጃጅ ሾፌር አለበት፣ የቡና ማጠቢያ ዘበኛ አለበት። ደም ማቆም አስተማረቻቸው። መጀመሪያ ቁስሉን መጫን፤ በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ በጨርቅ ማሰርና እንጨት አስገብቶ መጠምዘዝ። ከዚያም የታሰረበትን ሰዓት በበሽተኛው ግንባር ላይ በማርከር መጻፍ፤ ከሥሩም እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ማስቀመጥ። ሰዓቱ ዋዛ አይደለም። የታሰረ እግር ሁለት ሰዓት ቢቆይ ግድ የለም። ስድስት ካለፈ ግን እግሩ ሞቷል፤ ፈትቶ ደም መልቀቅም ሰውየውን ሊገድለው ይችላል።

አንዲት ነገር ግን ጨመረች። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ አለች። መረጃውን የሚቀምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዋም፣ "ጧቱና ሌሊቱ ይምታታብሻል፤ ከምንጩ አስተካክለሽ አምጪው" ብለዋታል። ከምንጩ ማለት እንግዲህ ቡና ሥር የቆመው ገበሬ ነው። በአገሩ ሰዓት ላይ ስድስት ደምሮ፣ በደም በጨቀየ እጁ፣ በሰው ግንባር ላይ እንዲጽፍ። ያን ጊዜ ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልመሰለም፤ ለእሷ ከሁሉም በላይ።

ማክሰኞ ነው። ዝናቡ ሲነጋ የጀመረ አላባራም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ሲጥ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩና ረዳቱ አንድ ሰው ከጋቢናው ተሸክመው አወረዱና በዘበኞቹ በረንዳ ላይ አጋደሙት።

"ከመንገድ ነው ያነሣነው፤ እኛ አይደለንም የገጨነው!" አለ ሾፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዘበኛው ታርጋውን ለመጻፍ ደብተሩን እስኪገልጥ አይሱዙው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። የተጎዳ ሰው ያመጣ ሾፌር ተጠርጣሪም ምስክርም ሆኖ መዋልን ይፈራል። አይፈረድበትም ይባላል። እኔ ግን እፈርድበታለሁ፤ ቢያንስ ከየት እንዳነሡትና መቼ እንዳነሡት ተናግሮ ቢሄድ ምን ነበረበት?

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከራሱ ጠጉር እስከ እግሩ ረስርሷል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። የቀኝ እግሩ ሱሪ ከጭኑ ላይ ተቀድዶ፣ ከጉልበቱ በላይ በነጠላ ጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ውስጥ የቡና እንጨት ገብቶ ጥምዝዝ ተደርጓል። ልክ እሷ እንዳስተማረችው። ግንባሩ ላይ በጥቁር ማርከር "9፡40" ተጽፏል፤ ከሥሩም "17"።

ሰርካዲስ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ይህን በኋላ ስታስበው ታፍርበታለች፤ ግን ደስታ ነበር። አራት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው የመጀመሪያው ማሰሪያ! ቅጿን ጥላ፣ ዘበኞቹ ሰውየውን የጫኑበትን ስትሬቸር ራሷ እየገፋች ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠች።

ዶክተር ኃይለሚካኤል ጓንታቸውን እያጠለቁ መጡ። አምሳውን ያለፉ፣ ብዙ የማይናገሩ የቀዶ ሐኪም ናቸው። ቁስሉን ገለጥ አድርገው አዩ፤ ከጉልበቱ በስተኋላ በገጀራ የተቆረጠ፣ ጥልቅ። ከዚያ ግንባሩን አነበቡና ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

"ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአርባ ነው የታሰረው" አሉ። "አሁን አምስት ከሩብ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎታል። ሌሊት ጠጥተው በገጀራ የተጣሉ ይሆናሉ። ላምያ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ይዘጋጅ። ከማሰሪያው በላይ ነው የምቆርጠው።"

ነርስ ላምያ ወደ በሩ ዞረች።

"ዶክተር፣ ቆይ!" አለች ሰርካዲስ። "በፈረንጅ ነው!"

"ምኑ?"

"ሰዓቱ። የእኔ በጎ ፈቃደኞች በፈረንጅ ነው የሚጽፉት። 9፡40 ማለት ከጧቱ ሦስት ከአርባ ነው። ከታሰረ ገና አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃው ነው። እግሩ ይተርፋል!"

ዶክተሩ እጃቸውን ከቁስሉ ላይ አነሡ። ላምያም በሩን እንደያዘች ቆመች።

"ይህን የጻፈው ገበሬ ነው?"

"ገበሬ ነው። ግን አሠልጥኛቸዋለሁ።"

"እኔ እንኳ ሃያ ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ተምሬ ሚስቴ 'ስንት ሰዓት ትመጣለህ?' ስትለኝ በሐበሻ ነው የምመልስላት። ገበሬው እጁ በደም ተነክሮ ስድስት ይደምራል ነው የምትይኝ?"

መልስ ሳይጠብቁ ወደ እግሩ ጎንበስ አሉ። ባቱን ጨመቅ አደረጉት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ። "ጅማቱ አልደረቀም" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "የሰባት ሰዓት እግር አይመስልም። ግን በዝናብ ሲደበደብ የመጣ እግር ነው፤ ብርዱ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። በመሰለኝ ሰው ላይ ቢላ አላነሣም።"

ሆስፒታሉን የምታጸዳው ጥሩነሽ መወልወያዋን አስደግፋ ቀረበች። የቤንች ሰው ናት። በሽተኛው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ በቤንችኛ መቼ እንደተጎዳ ጠየቀችው። ዐይኑን ገለጠ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ምን አለ?" አለች ሰርካዲስ።

"ስሙን ነገረኝ። ሙሴ ነኝ ነው የሚለው።" ጥሩነሽ ደግማ ጠየቀችው። "አሁን ደግሞ ውኃ ስጡኝ ይላል። ሌላውን አይሰማኝም።"

ዶክተር ኃይለሚካኤል ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለላምያ ሳይሆን ለሰርካዲስ ብቻ ተናገሩ።

"ስሚኝ ሲስተር። አንቺ ትክክል ሆነሽ ብቆርጠው፣ ደኅና እግር ቆርጬ ጣልኩ ማለት ነው። አንቺ ተሳስተሽ ብፈታው ደግሞ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል የተጠራቀመው መርዝ በአንድ ጊዜ ልቡ ላይ ይወጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ይሞታል። ማን ነው ይህን የጻፈው?"

"ዐሥራ ሰባት ቁጥር" አለች።

"እሱንማ አነበብኩት። ሰውየው ማን ነው?"

ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ዐሥራ ሰባት ቁጥር ጋሽ ተካ ናቸው። ስልጠናው ሲያልቅ ሰዓት የመቀየር ፈተና ሰጥታ ነበር፤ ከሠላሳ ሁለቱ ዐሥራ አንዱ ወደቁ። ደግማ ስትፈትን ሁሉም አለፉ፤ ከጋሽ ተካ በቀር። ደክሟት ነበር፣ መሽቶባትም ነበር። "ጋሽ ተካ፣ ስድስት መደመር እንዴት ያቅትዎታል? የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው እኮ ነው!" አለቻቸው፣ የባጃጅ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት። ልጆቹ ሳቁ። አባቷ የሚሆኑት ሰውዬ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን አዩ። በማግስቱ ሦስተኛ ጊዜ ተፈተኑና ዐሥሩንም ጥያቄ አገኙ። ደስ ብሏት ማርከሩን ሰጠቻቸው፤ በአንድ ሌሊት እንዴት እንዲህ እንደበረቱ አልጠየቀችም።

"ልደውልላቸው" አለች።

ስልኩን አወጣች። ደወለች። "የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም" አለቻት ሴትዮዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በሚያምር ድምፅ። ደግማ ደወለች። ያው ነው። የጋሽ ተካ ጎረቤት ለሆነው ለዘጠኝ ቁጥር ደወለች፤ እሱ ለገበያ ቱም ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው፤ ምንም አላየም፣ ምንም አልሰማም። የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሃያ ሁለት አለ።

"ሲስተር" አሉ ዶክተሩ። "ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ቀልደሽብኝ አታውቂም። ሰውየው በፈረንጅ ለመጻፉ እርግጠኛ ነሽ? አዎ ካልሽ እፈታዋለሁ። አይደለሁም ካልሽ እቆርጠዋለሁ፤ ማንም አይፈርድብሽም።"

"ይመስለኛል" ማለት ትችል ነበር። "ይህ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ወድቋል" ማለትም ትችል ነበር። እውነቱ እሱ ነበርና። ግን እንዲህ ብትል እግሩ እንደሚቆረጥ አየች። የሙሴን እግር አየች፤ ጭቃ የጠገበ፣ ሥራ የለመደ እግር። በቡና ለቀማና በምንጣሮ የሚያድር ሰው በአንድ እግሩ ምን ይበላል? ከዚህ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለመናገር ጥቂት ያሳፍራል። አራት ወር የደከመችበት ሥራ፣ የመጀመሪያው ማሰሪያ፣ "ሰዓቱ አልታመነም፣ እግሩ ተቆረጠ" ተብሎ ሲጻፍ ታያት። የትኛው እንደበለጠባት ዛሬም አታውቅም።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች። "ፈተናውን ዐሥር ከዐሥር ነው ያለፉት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዶክተሩ አንገታቸውን ነቀነቁና ስትሬቸሩን ራሳቸው ገፉ። "ላምያ፣ የልብ መከታተያውን አምጪ። የደም ዓይነቱ ይታይ። ቀስ ብለን ነው የምንፈታው።" የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ከኋላቸው ተዘጋ።

ሰርካዲስ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። መቀመጫ ነበር፤ አልተቀመጠችም። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትመላለስ ጥሩነሽ የወለወለችውን ወለል በጭቃ ጫማዋ መልሳ አቆሸሸችው። ጥሩነሽ ግን አንዲት ቃል አልተናገረቻትም። ዝምታዋ ይበልጥ አስፈራት፤ ደኅና ቀን ቢሆን ኖሮ ኮሪደሩን በጩኸት ታናጋው ነበር።

ዐሥራ አንድ ከሠላሳ ሁለት። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ፈተና ከሦስት አንዱ ተሳስቷል። ይህን ቁጥር ለአማካሪዋ በላከችው ጽሑፍ ውስጥ "በተጨማሪ ስልጠና ተስተካክሏል" ብላ በአንዲት መስመር አልፋው ነበር። ተስተካክሏል! ደግሞስ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መደመርና፣ ደም እንደ ምንጭ ሲፈላ እያዩ መደመር አንድ ነው? ጋሽ ተካ ደንግጠው ቢሆንስ? ደንግጠው የለመዱትን የአገራቸውን ሰዓት ጽፈው ቢሆንስ? ያን ጊዜ 9፡40 በእውነት ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአርባ ነው። ሰዎች ሌሊት በገጀራ አይጣሉም ያለው ማን ነው? ሙሴ አሁን እዚያ ውስጥ እየተፈታ ነው። ጨርቁ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። መርዙም ወደ ልቡ።

ወደ በሩ ሄደች። እጇን አነሣች። ገብታ "ዶክተር፣ እርግጠኛ አይደለሁም" ልትል ነበር። ግን አሁን ተናግራ ምን ታተርፋለች? ማሰሪያው ተፈትቶ ከሆነ የሐኪሙን እጅ ከማንቀጥቀጥ በቀር ጥቅም የለውም። ገና ካልተፈታ ደግሞ እግሩ ሊቆረጥ ነው። እጇን አወረደች። ጥቂት ቆይታ ደግማ አነሣችው፤ ደግማ አወረደችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርታ አታውቅም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስትሠራ ፍርሃቷ በእጇ ሥራ ይወጣላት ነበር፤ መርፌ ታዘጋጃለች፣ ደም ታቆማለች። አሁን ግን እጇ ምንም የሚሠራው የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ላምያ ብቅ ብላ ደም ባንክ ሮጠች። ሰርካዲስ ተከተለቻት።

"ላምዬ፣ እንዴት ነው?"

"አትያዢኝ ሰርኬ፤ ደም ልዘዝ" አለችና ፊቷን ሳታሳይ አለፈች። ስትመለስም እንዲሁ። ደም የሚፈለገው ደሙ ስላለቀ ነው ወይስ ልቡ ስለቆመ? ዘጠኝ ዓመት የሠራች ነርስ መልሱን ማወቅ ነበረባት፤ ዛሬ ግን ምንም አታውቅም። ያነበበችው ሁሉ ከራሷ ጠፍቷል። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። "ማርያም፣ እባክሽ በፈረንጅ አድርጊው" ስትል ራሷን ሰማች። እመቤታችን እንዲህ ያለ ልመና ከዚያ በፊት ቀርቦላት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰባት ከሩብ ላይ በሩ ተከፈተ።

ዶክተር ኃይለሚካኤል ጭምብላቸውን አወረዱ። ፊታቸው ደክሟል፤ ግን ዐይናቸው ላይ ያለውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

"የደም ሥሩን ሰፋነው" አሉ። "ማሰሪያውን ስንፈታ ልቡ ቅንጣት አልተናወጠችም። ጣቶቹ ሞቀዋል፤ አውራ ጣቱን አንቀሳቅስ ብለው አንቀሳቀሰልኝ። የአንድ ሰዓት ተኩል እግር ነበር፣ ልክ እንዳልሽው።" ቆም አሉና ጨመሩ፦ "እኔ ብቻዬን ብሆን ቆርጬው ነበር። የዛሬን እግር ያተረፍሽው አንቺ ነሽ።"

ሰርካዲስ ባለችበት ቁጢጥ እንዳለች አለቀሰች። ጥሩነሽ መጥታ ጭንቅላቷን ወደ ራሷ አስጠጋች። ዶክተሩም ለማጽናናት ይመስል ስለ ሥራ ማውራት ጀመሩ። ይህ ነገር ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም አሉ። ቴፒም ቱምም ያስፈልጋል፤ ሰኞ ለአለቆች ደብዳቤ እንጽፋለን፣ እኔም እፈርማለሁ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ደስታው ሲመጣ ፍርሃቱን ገፍትሮ አስወጥቶት ነበርና ከዚያች ሰዓት በፊት የዋሸችውንም ረሳችው። ሰው ሲሳካለት ይረሳል።

ጋሽ ተካ የደረሱት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከሰው ሞተር ላይ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ውኃው ከልብሳቸው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሙ። ሸሚዛቸው እስከ ክርን ድረስ በደረቀ ደም ተበክሏል። ሰርካዲስ ሮጣ እጃቸውን ያዘችው።

"ጋሽ ተካ፣ ተርፏል! ሙሴ እግሩም ነፍሱም ተርፏል!"

ሽማግሌው ዐይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው በቤንችኛ የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ጥሩነሽ ትኩስ ሻይ አመጣች። እሳቸውም በአማርኛቸው ቀስ እያሉ ነገሯት። ጧት ቡና ሥር ሲመነጥሩ ገጀራው እርጥብ ሥር ላይ ተንሸራትቶ ከሙሴ ጉልበት ኋላ ገባ። በመጫን አልቆም ሲላቸው በነጠላቸው አሰሩት። አንድ ሰው አምቡላንስ ልጥራ ብሎ ወደ መንገድ ሮጠ፤ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባለ። በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አወጡት፤ አይሱዙው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታ ያለኝ አለ። እሳቸው ለሙሴ ቤተሰብ ሊናገሩ ተመለሱ።

"ስልክዎ ግን አልሠራ አለኝ" አለች። "ነፍሴ ወጥታ ነበር እኮ።"

"ስልኬ ሱቅ ነው፤ ቻርጅ ላይ።"

"ታዲያ ሰዓቱን በምን አዩት?"

"ከሙሴ ኪስ ስልኩን አወጣሁ። ታች ስልክ ነው፤ ልደውል ስል አልከፈት አለኝ እንጂ ሰዓቱ ከላይ ይታያል። 9፡40 ይላል። ያየሁትን ጻፍኩ።"

"ያዩትን?" አለች ሰርካዲስ። "ስድስት ደምረው አይደለም?"

ጋሽ ተካ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጥፍራቸው ሥር ያለውን ደም አዩ።

"ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። ያ መደመር እኔ አልገባኝም። አንዳንዴ ልደምር ነው አንዳንዴ ልቀንስ ነው ይለኛል። ሦስተኛው ፈተና ላይ ከባጃጁ ልጅ ነው የገለበጥኩት። ሰው ፊት አፍሬ ነበር። ዛሬም ሙሴ ደሙ ሲወርድ፣ መደመሩ ጠፋኝ። ስልኩ የሚለውን ልጻፍ፣ ሲስተር ታውቃለች አልኩ።"

ሰርካዲስ የተቀመጠችበት ወንበር የከዳት መሰላት። የሙሴ ታች ስልክ ከሱቅ እንደመጣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ማንም አልቀየረውም።

"የእርስዎ ስልክ ኪስዎ ውስጥ ቢሆን ኖሮስ?" ብላ ጠየቀች። መጠየቅ አልፈለገችም፤ አፏ ጠየቀ።

"የእኔማ ባለ ቁልፍ ናት። ልጄ በሐበሻ ሰዓት ሞልቶልኛል። ሦስት ከአርባ ነበር የምትለው፤ 3፡40 እጽፍ ነበር።"

3፡40። ዶክተር ኃይለሚካኤል ግንባሩን ያዩና፣ "ከጧቱ ሦስት ከአርባ፤ ገና ነው፣ እንፈታዋለን" ይሉ ነበር። ልክም ይሆኑ ነበር። እሷ ግን ከጎናቸው ትነሣ ነበር። "ዶክተር፣ ቆይ! በፈረንጅ ነው! 3፡40 ማለት ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአርባ ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎታል፤ ከፈቱት ይሞታል!" እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲሏት፣ በዚያው አፏ፣ በዚያው ድምፅ፣ እርግጠኛ ነኝ ትል ነበር። ዐሥር ከዐሥር ነው ያለፉት ትል ነበር። ሙሴም ከማደንዘዣው ሲነቃ እጁን ዘርግቶ እግሩን ያጣው ነበር። እግሩ የተረፈው የአንድ ሰውዬ ስልክ ሱቅ ስለዋለ ነው።

"አጠፋሁ እንዴ?" አሉ ጋሽ ተካ። ፊቷን አይተው ፈርተዋል። ዐይናቸው ያን በሰው ፊት የተሳቀባቸው ቀን የነበረው ዐይን ነው።

"እርስዎ አይደሉም" አለች። "እርስዎ ሰውየውን አተረፉት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ተካ። ያን ቀን ስላዋረድኩዎትም ይቅር ይበሉኝ።" እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ደንግጠው ሸሹት።

ተነሥታ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄደች። ዶክተር ኃይለሚካኤል ሻይ እየጠጡ ነበር፤ ስትገባ ፈገግ አሉ። ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሁለቱን ውድቀት፣ የተገለበጠውን ፈተና፣ የሙሴን ስልክ፣ ሦስት ከአርባን።

"የማላውቀውን ነው ያረጋገጥኩልዎ" አለች። "ዋሽቼዎታለሁ።"

ዶክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፈገግታቸው ጠፍቶ፣ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ። ሊቆጧት ነው ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጧት ደስ ይላት ነበር።

"ስንት ሰው ነው ያሠለጠንሽው?" አሉ በመጨረሻ።

"ሠላሳ ሁለት።"

"ሁሉም ማርከር ይዘዋል?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ደውይላቸዋ! መደመሩ ይቅርና፣ ከሰዓቱ ጎን ጧት ከሆነ ጧት፣ ማታ ከሆነ ማታ ብለው በአማርኛ ይጻፉ በያቸው። አሁን፤ ሰው ሳይጎዳ።"

እዚያው ቆማ የስም ዝርዝሩን ከቦርሳዋ አወጣች። ዝናቡ ገና እየዘነበ ነው፤ ቡና ሥር ያሉት ሰዎች ገና አልገቡም። ለአንድ ቁጥር ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ማንም አላነሣውም። ሰርካዲስ ደግማ ደወለች።